ላም አለኝ በመሬት ውስጥ

ካርታው ቆንጆ ነበር። ራሴ ስለሠራሁት አይደለም፤ ስብሰባው ላይ የነበሩት ሁሉ ያሉት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ አካባቢ የተቆፈሩ 40 ገደማ የውሃ ጉድጓዶችን መረጃ በኤክሴል ሰጠኝ፦ ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ውሃው በስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ፣ በሴኮንድ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ። የእኔ ሥራ ይህን በድረ ገጽ ላይ የሚታይ ካርታ ማድረግ ነበር። አርባ ነጥብ ባዶ ካርታ ላይ ሲቀመጥ ያሳዝናል፤ የተበተነ ሽምብራ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ዝግጁ የፓይተን ላይብረሪ አወረድኩ፣ አንድ ፈንክሽን ጠራሁ፣ በነጥቦቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ ከቀላል እስከ ጥቁር ሰማያዊ ባለ ቀለም ተሞላ። የጻፍኩት ኮድ ከ20 መስመር አይበልጥም።

ስብሰባው ላይ አንድ ኃላፊ ተነሡና ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ ቦታ በጣታቸው ነኩ። «እዚህ ጋ ጥሩ ውሃ አለ ማለት ነው» አሉ። እዚያ ጋ ግን ምንም ጉድጓድ አልነበረም። በጣም ቅርብ የሚባለው ነጥብ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እሳቸው አያውቁም። ዝም አልኩ። አፌን የያዘው ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ካርታው መወደዱም ደስ ብሎኝ ነበር።

ያ ዝምታ ከነከነኝ። ማታ ቤት ገብቼ የጠራሁትን ፈንክሽን ስም እንደገና አየሁት፦ ክሪጊንግ። ሁልጊዜ የሆነ የእንግሊዝኛ ግሥ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሰው ስም ነው። ከዚያ ስም ተነሥቼ ወራት የፈጀ ንባብ ውስጥ ገባሁ። ከደቡብ አፍሪካ ወርቅ ጀምሬ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ የሼል ጋዝ ጉድጓድ የተቆፈረበት የገጠር ማሳ ላይ ደረስኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ መንገድ ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወርቅ እንጀምር

ዳኒ ክሪግ ደቡብ አፍሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ ነበር። የሚሠራው በጆሃንስበርግ ዙሪያ ባለው ዊትዋተርስራንድ በሚባለው የወርቅ ምድር ነው። እዚያ አንድን የዓለት ብሎክ ከመቆፈራቸው በፊት በዙሪያው ካለው ዋሻ ግድግዳ ናሙና ይወስዳሉ፤ ናሙናዎቹን አማክለው «ይህ ብሎክ ይህን ያህል ወርቅ አለው» ይላሉ። ታዲያ አንድ የሚገርም ነገር ይደጋገም ነበር። በናሙና ሀብታም የመሰሉት ብሎኮች ሲቆፈሩ ከተገመተው በታች ይሰጣሉ፤ ደሃ የመሰሉት ደግሞ ከተገመተው ትንሽ ይሻላሉ።

ይህ የሌብነት ወይም የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ናሙና ትንሽ ነው፤ ትንሽ ነገር ደግሞ ዕድል ይጫወትበታል። በአጋጣሚ ወርቅ የበዛበትን ቁራጭ ያነሣ ሰው ብሎኩን ከነበረው በላይ ያያል። ክሪግ በ1951 በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የማስተርስ ጥናት ይህን ስሕተት በስታቲስቲክስ አሳየ። መፍትሔውም ቀላል ነበር፦ ቅርብ ያለውን ናሙና ብቻ አትመን፤ ግምትህን ወደ አካባቢው አማካይ ሳብ አድርገው።

በ1960ዎቹ ፈረንሳዊው ጆርጅ ማቴሮን ይህን ሐሳብ ሙሉ የሒሳብ መሠረት አበጀለትና ለክሪግ ክብር ሲል በስሙ ጠራው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ቅርብ የሆኑ ቦታዎች ይመሳሰላሉ፤ ርቀት ሲጨምር መመሳሰሉ ይቀንሳል። በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ ከራሱ ከመረጃው ትለካለህ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ናሙና ተገቢውን ክብደት ትሰጣለህ። በውጤቱ ለእያንዳንዱ ያልተቆፈረ ነጥብ አንድ ሳይሆን ሁለት ቁጥር ታገኛለህ፤ አንደኛው ግምቱ፣ ሁለተኛው ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል። ከናሙና በራቅህ ቁጥር ሁለተኛው ቁጥር ያድጋል።

ይህን ሳነብ ኮዴን ከፈትኩ። የወሰድኩት ላይብረሪም ሁለቱንም ቁጥሮች ይመልሳል። ፓይተን የምትጽፉ ታውቁታላችሁ፤ የማንፈልገውን ውጤት የምንጥልበት «አንደርስኮር» የሚባል ነገር አለ። እኔ ሁለተኛውን ቁጥር እዚያ ውስጥ ጥየዋለሁ። ማቴሮን የደከመበትን ግማሹን ነገር በአንድ ሰረዝ ቀብሬዋለሁ ማለት ነው።

ኑግ የሚመስል ዓለት

ሼል ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን ነዳጅ ማደያው ነው። እዚህ ግን የምንናገረው ስለ ዓለት ነው። በጥንት ባሕሮች ወለል ላይ ጭቃና የሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት ተደራርበው፣ ተቀብረው፣ ተጨምቀው፣ በሚሊዮን ዓመታት ሙቀት በስለው የሆኑት ድርብርብ ዓለት ሼል ይባላል። ያ የፍጥረታት ቅሪት ሲበስል ዘይትና ጋዝ ይሆናል። የተወሰነው አምልጦ ወደ ላይ ይወጣና በአሸዋማ ወይም በኖራ ዓለት ውስጥ ይታጎራል፤ ባለፈው ምዕተ ዓመት ዓለም ሲቆፍር የኖረው በዋናነት ይህን ነው። ያላመለጠው እዚያው ሼሉ ውስጥ፣ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ተቆልፎ ይቀራል።

ሼል እንግዲህ እንደ ኑግ ነው። ዘይት እንዳለው ታውቃለህ፤ ካልጨመቅከው ግን አይሰጥህም። ለሼል መጭመቂያው ፍራኪንግ ነው፦ ውሃ፣ አሸዋና ጥቂት ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት አስገብቶ ዓለቱን መሰንጠቅ። በቴክሳስ ባርኔት በሚባለው ሼል ላይ የጆርጅ ሚቼል ኩባንያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሞክር ቆይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ በርካሽ የሚሠራ ዘዴ አገኘ። ያ ዘዴ ከአግድም ቁፋሮ ጋር ሲጣመር የአሜሪካን የጋዝ ገበያ ገለበጠው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም አገር ወደ እግሩ ሥር ማየት ጀመረ። «እኛስ ስንት አለን?» የሚለው ጥያቄ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ከወርቁ ይከብዳል። የተለመደ የጋዝ ማሳ ድንበር አለው፤ ክዳን አለው፣ ወለል አለው። ሼል ግን እንደ ምንጣፍ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የተነጠፈ ነው። ስፋቱን በውፍረቱ ስታባዛው ሁልጊዜም አስደንጋጭ ቁጥር ይወጣል። ጋዝ «አለ ወይ» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ መኖሩ አይቀርም። የሚጠቅመው ጥያቄ የሚወጣው ምን ያህሉ እንደሆነ ነው።

ከ64 ጉድጓድ የተሠራ ምድር

የብሪታኒያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በጁን 2013 ስለ ቦውላንድ ሼል ጥናት አወጣ። ቦውላንድ በሰሜንና በመካከለኛው እንግሊዝ ሥር፣ በምዕራብ ከሬክሳምና ከብላክፑል እስከ ምሥራቅ ኖቲንግሃምና ስካርቦሮ ድረስ ተዘርግቷል። ተመራማሪዎቹ የሠሩት ነገር እንደ ኮድ ጸሐፊ ሳየው ያስቀናል። ለዘይት ፍለጋ ሲባል በአሥርተ ዓመታት ውስጥ የተሰበሰበ 24,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሳይዝሚክ መስመር አሰባሰቡ። ሳይዝሚክ ማለት ከላይ ድምፅ ልከህ ከታች የሚመለሰውን ማሚቶ መቅዳት ነው፤ የዓለቱ ንብርብሮች የት እንደሚጀምሩና እንደሚያበቁ ይጠቁምሃል። በዚያ ላይ 64 ቁልፍ ጉድጓዶችን ጨመሩ፤ ማሚቶው የሚጠቁመው ዓለት በትክክል ምን እንደሆነ የሚያረጋግጠው ጉድጓድ ብቻ ነውና።

ከዚህ ሁሉ የንብርብሩን ጣሪያና ወለል የሚያሳይ ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል ተሠራ። በአንዳንድ ቦታ የዓለቱ ውፍረት እስከ 5,000 ሜትር ይደርሳል። ቀጥሎ ከሞዴሉ ውስጥ የማይጠቅመውን ቆረጡ፦ ጥልቀት የሌለውን፣ የኦርጋኒክ ይዘቱ ያነሰውን፣ ጋዝ እስኪሆን ድረስ ያልበሰለውን። የቀረውን ድምጽ፣ ማለትም ስፋት ሲባዛ ውፍረት፣ በአንድ ሜትር ኪዩብ ዓለት ውስጥ ይኖራል ተብሎ በሚታሰበው ጋዝ አባዙት።

ግብዓቶቹ እርግጠኛ ስላልሆኑ ደግሞ ሞንቴ ካርሎ የሚባለውን ዘዴ ተጠቀሙ። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ግብዓት ከሚቻለው ክልል ውስጥ በዕጣ ቁጥር ያወጣል፣ ያባዛል፣ ውጤቱን ይመዘግባል፤ ይህን ሺህ ጊዜ ይደጋግማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሦስት ግብዓቶች ቢኖሩህና እያንዳንዳቸው ከምታስበው በግማሽ ሊያንሱ ወይም በእጥፍ ሊበልጡ ቢችሉ፣ የብዜታቸው ውጤት ከአንድ ስምንተኛ እስከ ስምንት እጥፍ ሊዋዥቅ ይችላል። ትንሽ ትንሽ ጥርጣሬ ሲባዛ ትልቅ ጥርጣሬ ይወልዳል።

ውጤቱ ከ822 እስከ 2,281 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፊት ሆነ፤ መካከለኛው ግምት 1,329። ዝቅተኛውና ከፍተኛው መካከል ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ጥናቱ ይህ በዓለቱ ውስጥ ያለው ጋዝ እንጂ የሚወጣው ጋዝ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል። በቂ የሙከራ ቁፋሮ ስላልነበረ የሚወጣውን ለመገመት አልደፈረም።

ከሪፖርቱ ወጥቶ የተጓዘው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ 1,300። ቀሪውን ጋዜጣውና ፖለቲካው ጨረሱት። አሜሪካ ውስጥ አሥር በመቶ ይወጣል ይባል ስለነበር አሥር በመቶውን ወሰዱ፣ 130 ሆነ። አገሪቱ ያኔ በዓመት ትጠቀም የነበረው ወደ 3 ስለነበር 130 ለ3 ሲካፈል ከ40 ዓመት በላይ የሚበቃ ጋዝ! ጥናቱ ያልጻፈው ዓረፍተ ነገር ከጥናቱ ይበልጥ ታወቀ።

ቁጥሩ ማሳ ውስጥ ሲገባ

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በጃንዋሪ 2014 የዴቪድ ካሜሮን መንግሥት የሼል ጋዝ ቁፋሮ የሚፈቅዱ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከቁፋሮው የሚገኘውን የንግድ ቤት ግብር ሙሉ በሙሉ እንዲያስቀሩ ወሰነ። በጁን 2015 የላንክሻየር ምክር ቤት ኳድሪላ የተባለው ኩባንያ ያቀረበውን የቁፋሮ ጥያቄ ውድቅ አደረገ። በኦክቶበር 2016 ማዕከላዊው መንግሥት ያንን ውሳኔ ሽሮ በፕሬስተን ኒው ሮድ ለሚገኘው ቦታ ፈቀደ። ሰዎች በሩ ላይ ለዓመታት ተቃውሞ ቆሙ፣ ፖሊስ ተመደበ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተቃቃረ። የሠፈር ሰው «አንፈልግም» ሲል የሚሰጠው መልስ የአገር ጥቅም ነበር፤ የአገር ጥቅሙ ትልቅነት የሚለካው ደግሞ በዚያ ቁጥር ነው።

ሞዴሉ ያላየው ነገርም ነበር። ይኸው ኩባንያ በ2011 በዚያው ክልል ፕሪስ ሆል በሚባል ቦታ ሲሰነጥቅ በሬክተር 2.3 እና 1.5 የሆኑ ሁለት የመሬት መንቀጥቀጦች ተሰምተው ሥራው ቆሟል። መንቀጥቀጡን ያመጣው የመሬት ስንጥቅ በዝርዝር የታየው ከአደጋው በኋላ በ2012 በተደረገ የስሪ ዲ ሳይዝሚክ ቅኝት ነው። ማለትም ወሳኙ ነገር በነጥቦች መካከል ነበር፤ ቀለም በተቀባው ባዶ ቦታ ውስጥ።

ፕሬስተን ኒው ሮድ ላይ ስንጠቃ የተጀመረው በኦክቶበር 2018 ነው። በኦገስት 2019 በሬክተር 2.9 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በዚያው ወር ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የመሩትና የጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት አዲስ ጥናት ወጣ። እነዚህ ሰዎች የቦውላንድን ዓለት ናሙና በላቦራቶሪ ውስጥ ከመሬት በታች ባለው ዓይነት ሙቀትና ግፊት አብስለው የሚወጣውን ጋዝ ለኩ። ግምታቸው 140 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፊት ሆነ፣ 55 ከፍ ወይም ዝቅ ሊል የሚችል። ከ1,329 ወደ 140! ያንኑ አሥር በመቶ ብንወስድ አሁን የሚበቃው ከ10 ዓመት በታች ነው። በኖቬምበር 2019 መንግሥት በእንግሊዝ ፍራኪንግን አገደ። በ2022 ሊዝ ትረስ እገዳውን አነሡ፤ በሳምንታት ውስጥ ሪሺ ሱናክ መለሱት።

ልብ በሉ፣ በሁለቱ ጥናቶች መካከል ዓለቱ አልተለወጠም። የንብርብሩ ቅርጽም ያን ያህል አከራካሪ አልነበረም። የተለወጠው አንድ ግብዓት ነው፦ በአንድ ቁራጭ ዓለት ውስጥ ስንት ጋዝ አለ የሚለው። ውብ ሆኖ የተሠራው የስሪ ዲ ቅርጽ ውስጥ የሚሞላው ቁጥር ደካማ ከሆነ፣ ቅርጹ የበለጠ ባማረ ቁጥር ድክመቱ ይበልጥ ይደበቃል።

ፖላንድና ማርሴለስ

ፖላንድ ታሪኩ የባሰ ነው። በ2011 የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር ለፖላንድ 187 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፊት፣ ማለትም 5.3 ትሪሊዮን ሜትር ኪዩብ፣ ሊወጣ የሚችል የሼል ጋዝ ገመተላት። በሩሲያ ጋዝ ላይ ጥገኛ ለነበረች አገር ይህ ነጻነት ማለት ነው። በማርች 2012 የፖላንድ የራሷ ጂኦሎጂካል ተቋም ከ1950 እስከ 1990 የተቆፈሩ 39 አሮጌ ጉድጓዶችን መረጃ ተጠቅሞ የበለጠ ዕድል አለው ያለውን ከ346 እስከ 768 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ አደረገው። በጁላይ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ደግሞ 38 ቢሊዮን አለ። በ15 ወር ውስጥ፣ ስለ አንድ ምድር፣ ከ100 እጥፍ በላይ ልዩነት። ኤክሰንሞቢል በ2012፣ ሼቭሮን በ2015 ለቀው ወጡ። ከ70 በላይ ጉድጓዶች ተቆፍረው አንዱም ለገበያ የሚሆን ጋዝ አልሰጠም።

«ስለዚህ ግምት ሁሉ ማጋነን ነው» ለማለት ግን አትቸኩሉ። በአሜሪካ ማርሴለስ ለሚባለው ሼል ያው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በ2002 የገመተው 2 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ፊት ያህል ብቻ ነበር፤ በ2011 ወደ 84 አሳደገው። ዛሬ ማርሴለስ ያንን የመጀመሪያ 2 ትሪሊዮን በጥቂት ወራት ውስጥ ያወጣዋል። ሁለቱም አቅጣጫ ይሳታል። በሁለቱም በኩል እውነቱን ያወጣው ቁፋሮው ነው።

«ክምችት» የምትባል ቃል

ይህን ሁሉ ሳነብ በአማርኛችን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዜናዎቻችን በዓለቱ ውስጥ ያለውንም፣ በቴክኖሎጂ ሊወጣ የሚችለውንም፣ ወጪውን ሸፍኖ የሚያተርፈውንም በአንድ ቃል ይጠሩታል፦ ክምችት። ክምችት ስትል ጎተራ ይታይሃል፤ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ የገባ እህል። ሦስቱ ነገሮች ግን አይገናኙም። ወደ ኑጉ ልመለስ፦ አንደኛው በፍሬው ውስጥ ያለው ዘይት ሁሉ ነው፤ ሁለተኛው መጭመቂያህ ሊያወጣው የሚችለው ነው፤ ሦስተኛው የሠራተኛ፣ የመብራትና የትራንስፖርት ከፍለህ መርካቶ ወስደህ ስትሸጠው ትርፍ የሚያስገኝልህ ነው። የቦውላንዱ 1,329 የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ ሕዝቡ የሰማው ግን እንደ ሦስተኛው ነው።

እኛም የራሳችን ታሪክ አለን። በኦጋዴን የካሉብ ጋዝ በ1973 በአሜሪካው ቴኔኮ ሲገኝ ገና ዘመኑ የንጉሡ ነበር። ያ ሼል አይደለም፣ የተለመደው ዓይነት ጋዝ ነው፤ መኖሩም በቁፋሮ የተረጋገጠ ነው። እንዲያም ሆኖ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ጋዙ ለገበያ ሳይደርስ አሥርተ ዓመታት አለፉ። በተረጋገጠው እንዲህ ከሆነ በተገመተው ምን ሊሆን ነው? አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው፤ ላሟ ከመሬት በታች ብትሆንም ያው ነች።

ስለዚህ «ይህን ያህል ትሪሊዮን ተገኘ» የሚል ዜና ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከሦስቱ ዓይነት የትኛው ነው? ዝቅተኛውና ከፍተኛው ስንት ነው? ስንት ጉድጓድ ተቆፍሯል? ከአንዱም መልስ ከሌለ የተገኘው ጋዝ ሳይሆን ቁጥር ነው።

የእኔ ካርታ

የውሃውን ነገር ልጨርስላችሁ። በሳምንቱ ለመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ጻፍኩ። ካርታው ላይ ያለው ቀለም ከጉድጓድ ርቆ ባለ ቦታ ላይ ግምት መሆኑን፣ ያንን ሳልናገር መቅረቴ ጥፋት መሆኑን አስረዳሁ። ከዚያ ወደ ኮዴ ተመልሼ አንደርስኮሩን አጠፋሁና ለሁለተኛው ቁጥር ስም ሰጠሁት። ስሕተቱ ከተወሰነ መጠን የሚበልጥበት ቦታ ሁሉ ግራጫ እንዲሆን አደረግኩ። ከካርታው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግራጫ ሆነ። አስቀያሚ ነው፣ አልዋሽም።

አዲሱን ሳሳያቸው ኃላፊው ለረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸው ያለፈው ጊዜ ባረፈበት ቦታ ላይ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው? ተበላሸ እንዴ?» አሉ።

«አልተበላሸም ጋሼ፤ እዚያ ጋ ገና አልቆፈርንም» አልኳቸው።